አስካለን ላመጣ አሶሳ የሄድኩ ጊዜ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አሶሳ ድረስ በዚህ ዕድሜው ብቻውን ሄዶ የተመለሰ ሰው በሰፈራችን ከእኔ ሌላ የለም። ስለ መንገዱ የሚጠይቀኝ ሰው በዛብኝና ለእያንዳንዱ ከማወራ አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ። መጻፍ አይቸግረኝም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ ሰሌዳና ከስኳር ጆንያ ላይ ነው። አናጢነትን የተማርኩት ደግሞ የአንድ ሹም በር ፈትቼ፣ አካሉን አጥንቼ፣ መልሼ በመግጠም ነው። ያ በር ዛሬም ሳይንቋቋ ይዘጋል።

የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። ልጃችን አስካለ መምህርት ነበረች። አዲሶቹ ክልሎች ሲቋቋሙ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አስተማሪ ይፈልጋል ተባለና ተመዝግባ ሄደች። እኔ በረሃ ነው፣ ወባ ነው ብዬ ተቆጥቼ አልሸኘኋትም፤ አውቶቡስ ያሳፈረቻት እናቷ እቴነሽ ናት። በሁለተኛው ክረምት ወባ ገደላት። ወንዝ ሞልቶ ወደ አሶሳ ሊያሻግሯት ስላልቻሉ እዚያው በምታስተምርበት መንደር ተቀበረች የሚል ደብዳቤ ጫልቱ ከምትባል የጤና ረዳት ደረሰን። መንደሩ የበርታ ሰዎች መንደር ነው። ሁሉም ሙስሊሞች ስለሆኑ ቤተ ክርስቲያን የለውም።

ፍትሐቱን በደብራችን አስደርገናል፤ ተዝካሯንም አውጥተናል። እቴነሽን ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ሌላ ነገር ነበር። በደብራችን ግቢ የአስካለ አያቶች፣ አጎቶቿ፣ በሕፃንነቱ የሞተው ወንድሟ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እቴነሽ፣ መለከት ሲነፋ እነዚህ ተያይዘው ይነሣሉ፣ የእኔ ልጅ ግን በሰው አገር ብቻዋን ብድግ ብላ ወዴት ትሄዳለች ትላለች። ከቤት መውጣት ተወች፤ ለቅሶ እንኳ አትደርስም። እኔም በአፌ ባልናገረው በልቤ የማስበው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ አጽሟን አፍልሼ ከዘመዶቿ ጋር ላሳርፋት ቆረጥኩ። ሳጥኑን በእጄ ሠራሁት፤ ጥድ ነው፣ አንድ ሚስማር አልገባበትም። ውስጡን አዲስ አቡጀዲ አለበስኩት።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ የሚጻፍ ነገር የለም፤ መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል። በአውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። የተሰጠኝን ብርድ ልብስ ጥግ ገልጬ ባየው በእኛ ከተማ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። አገሬን ለብሼ አደርኩ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ ወደ ነቀምት ተሳፈርን። ሳጥኑን ረዳቱ ከላይ ጫነው። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ መንገዱን ሁሉ አልለቀቀኝም። አንዴ የንብ ቀፎ ነው ይላል፣ አንዴ ሽማግሌው ሀብቱን ጭኖ ሊሰደድ ነው ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ የምመልሰው ስለ እንጨቱ ብቻ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሳጥን ከእኔ በቀር የሚሠራ ካለ ስሙን ንገረኝ እለዋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ኬላ ደረስንና ፈታሹ ሳጥኑን አውርዱ፣ ክፈቱ አለ። ከፈትኩት። ነጩን ጨርቅ እየዳሰሰ ባዶ ሳጥን ወዴት እንደምወስድ ጠየቀኝ። ለመዋሸት አልተዘጋጀሁምና እውነቱን ነገርኩት፤ ልጄን ላመጣበት ነው አልኩ። ፈታሹ ቆቡን አወለቀ። ክዳኑን ራሱ ቀስ ብሎ ከደነው። ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ አልተመለሰም፤ ረዳቱ ከሾፌሩ ጀርባ ቦታ አስለቅቆ አስቀመጠው።  ነቀምት ስንወርድ ያ ነጋዴ ዕቃዬን ተሸክሞ አልጋ ቤት ድረስ ወሰደኝ፤ በሩ ላይ ቆሞም፣ "ጋሼ፣ አፌ ይቆረጥ፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ" አለኝ። ምንም እንዳልተቀየምኩት ነገርኩት። እውነት ለመናገር፣ ስለ ሳጥኑ መገጣጠሚያ በደንብ የጠየቀኝ ሰው በመንገዱ ሁሉ እሱ ብቻ ነበር።

ረቡዕ

ከነቀምት ወደ መንዲ። የወለጋ አፈር ቀይ ነው፤ የእኛ ጥቁር ነው። የእኛ አገር ዛፍ በቁጥር የሚታወቅ ሲሆን እዚህ ዛፍ ሰውን ይጋርዳል። ከጊምቢ በኋላ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰው ዝም ብሎ ሲገፋ አይቼ ወርጄ ድንጋይ አስለቀምኩ፤ የት የት እንደሚደረግ አሳየሁ። መኪናው ወጣ። እኔ ግን ሲወጣ ተደግፌው ኖሮ በግንባሬ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። እጄን ይዘው ያነሡኝ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። እኔም አልፈረድኩባቸውም።

መንዲ ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ዱላዬን ከግድግዳው አጠገብ ሳቆም፣ "አባባ፣ ምስጥ አለ፤ አልጋው ላይ ያድርጉት" አለችኝ። እንጨት የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ እንዳቆምኩት ተኛሁ። ጠዋት ባነሣው ግማሹ አፈር ለብሶ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ አልቆ እንደ ሳሙና ብጣሽ ሆኗል። በእኛ አገር ብርድ ምስጥ የሚባል ነገር ስለማያስቸግር እንጂ ከዕውቀት ማነስ አልነበረም። ሴትዮዋ ስቃ ስታበቃ ከጓዳ ሌላ ዱላ አመጣችልኝ፤ የባሏ ነው። ለማስታወሻ ማስቀመጥ አይሻልሽም ወይ ብላት፣ ሰውዬው መሄድ ይወድ ነበር፣ ዱላውም ይሂድ አለችኝ። የሚያጠግብ ቁርስ አብልታ ሸኘችኝ።

ሐሙስ

በባምባሲ በኩል አሶሳ ገባን። ሙቀቱን ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በእኛ አገር ፀሐይን ወጥተን እንሞቃታለን፤ እዚህ ይሸሿታል። ካፖርቴን ባምባሲ ላይ አወለቅኩ፣ ሹራቤን አሶሳ መግቢያ ላይ። ከተማው በማንጎ ዛፍ የተሞላ ነው፤ ሰውም መሥሪያ ቤትም በማንጎ ጥላ ሥር ነው። ክልሉ አዲስ ስለሆነ የየቢሮው ሰሌዳ ቀለም ገና ያበራል። አንዱንም ሳላነብ አላለፍኩም።

አጽም ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልጋል ተብዬ ወደ አንድ ቢሮ ገባሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ሠራተኛ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተባለ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛው ሲንገዳገድ አየሁና ካራዬን አውጥቼ ሽብልቅ ቀርጬ እግሩ ሥር ከተትኩ። ጸሐፊው ወጣት ሁለት ጊዜ በክርኑ ተደግፎ ሞከረው። ከዚያ ተነሥቶ ሰውየውን ከስብሰባው ጠርቶ ማኅተሙን አስመጣልኝ። ፈቃዱን ከኪሴ ከትቼ በከርከዴ ሻይ አንድ ዳቦ በላሁ። ከርከዴ ቀይ ነው፣ ይኮመጥጣል፤ ለብርድ አገር አይሆንም፣ ለዚያ አገር ግን መድኃኒት ነው።

ዓርብ

የመንደሩን ስም አልጽፍም። እንደሚጠሩት ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ዓይነት ሆነብኝ። ጨው በጫነ መኪና እስከ ወንዙ ሄድኩ፤ ከዚያ ሳጥኑ በአህያ፣ እኔ በእግሬ። ወንዙ በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ልጄን አላሳልፍ ያለው ይህ ነው ወይ ብዬ መሐሉ ላይ ቆምኩ። ባለ አህያው ግን በክረምት ውሃው የሚደርስበትን ዛፍ ላይ ያለ ምልክት አሳየኝ። ከራሴ በላይ ነበር።

መንደሩ ስደርስ ወንዶቹ ከጁምዓ ሶላት እየወጡ ነው። ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፤ አንድ ረዥም ሰውዬ ከመካከላቸው ወጥቶ በሁለት እጁ ያዘኝ። ባበክር ይባላል፤ ማሽላ ገበሬ ነው፣ የትምህርት ቤቱም ኮሚቴ ነው። አማርኛን ከገበያ ነው የተማረው። ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ይጠራል፤ ለሽማግሌም ለልጅም የሚለው አንተ ነው። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር።

"አንተ አቡ አስካለ ነህ" አለኝ፤ የአስካለ አባት ማለቱ ነው። "እኛ አንተን ያውቃል። አስካለ ሁልጊዜ ያወራል። አባቴ በር ፈትቶ አናጢ ሆነ ይላል። እውነት ነው?"

እውነት ነው አልኩ። ያልሸኘኋት ልጄ እኔን በዚያ ሁሉ በረሃ አስከብራኝ ኖራለች። በደብረ ብርሃን እንዳያለቅስ ብለው ስሟን በፊቴ የሚያነሣ ጠፍቶ ነበር፤ እዚህ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እጄን እየጨበጠ አቡ አስካለ ይለኛል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አንዱም አልከበደኝም።

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። ባሚያው ይዝለገለጋል፤ ጣት ላይ አይቆምም። የእኛን የገብስ ገንፎ ባቀምሳቸው ብዬ ተመኘሁ፤ ሁለት ጊዜ ግን አስጨምሬያለሁ። ከበላን በኋላ ባበክር ወደ መቃብሩ ወሰደኝ።

መካነ መቃብራቸው ከመንደሩ በላይ ነው። የአስካለ ከዳሩ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ዙሪያው ተጠርጓል። ብቻውን ይሆናል ብዬ ሦስት ዓመት ያሰብኩት መቃብር ግን ጎኑ ሌላ መቃብር አለው፤ ሁለቱ እንደ አንድ ቤት አልጋዎች ተጠጋግተዋል።

"ይሄ አስካለ ነው" አለ ባበክር። "ይሄ እናቴ ነው።"

እናቱ ከዘመዶቿ ተለይታ ለምን ከዳር እንደተቀበረች ጠየቅኩት። ተቀምጦ ነገረኝ። አስካለ የመጣች ዕለት ለብቻዋ ጎጆ ተሰጥቷት ነበር። አሮጊቷ ግን እንግዳ ልጅ ብቻዋን አትተኛም ብላ ዕቃዋን አስይዛ ወደ ራሷ ጎጆ ወሰደቻት፤ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። አስካለ ከሞተች በዓመቱ አሮጊቷ ታመመች። ልጆቿ ከባሏ አጠገብ ሊቀብሯት ቦታ አዘጋጁ።

"እናቴ አይሆንም አለ" አለኝ። "አባትህ እዚያ ወንድሞች አለው፣ አባት አለው። ያ ልጅ ማን አለው? ከልጁ ጎን አድርጉኝ አለ። እኛ አደረገ።"

ፈቃዱን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ይዤው ኖሮ አየው። "ወረቀት አያስፈልግም" አለ። "ልጅ ያንተ ነው። ነገ ከፈለግህ እኔ ራሴ ይቆፍራል።"

ወረቀቱን አጣጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩት። 

ቅዳሜ

ጫልቱ ለክትባት ወጥታ ኖሮ ጠዋት ተመለሰች። የመንዲ ገጠር ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ለእሷ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ለምን ወንዙ እስኪጎድል አልጠበቃችሁም፣ ለምን ቄስ አልፈለጋችሁም የሚል። እሷ ግን ገና እንዳየችኝ ማልቀስ ጀመረች። ወንዙ ዘጠኝ ቀን አልጎደለም። የሚቻላትን መድኃኒት ሁሉ ሰጥታታለች። አስካለ በመጨረሻው ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋት አባታችን ሆይን አብረው እንዲሉ ጠየቀቻት። ሁለቱም አሉት፤ አስካለ መጨረሻው ላይ አሜን ብላ ፈገግ አለች። ጫልቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ነገር ስትብሰለሰል ኖራለች።

"ቄስ አላገኘሁም፣ አባባ። የእናንተን ሥርዓት አላውቅም። የማውቀውን ጸለይኩ፣ የማውቀውን መዝሙር ዘመርኩ። እነ ባበክርም እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አጥፍቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።"

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ደግ አደረግሽ አልኳት። ከዚያ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት፤ የእቴነሽን ፍርሃት፣ የእኔንም፤ መለከቱ ሲነፋ ልጃችን ብቻዋን የምትነሣ መስሎን እንደነበረ። ጫልቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ትንሽ ፈገግ አለች።

"አባባ፣ ጌታ ሲጠራት የት እንዳለች ጠፍቶት በየግቢው የሚፈልጋት ይመስልዎታል? መንገዱ እንደ መንዲ መንገድ ጭቃ ይይዘዋል?"

ሳቅኩ። ልጄ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ከሆዴ ስቄ አላውቅም። የትንሣኤን ነገር ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ በቃሌ የማውቀው ከብዙ ዲያቆናት ይበልጣል። ይሁንና እኔ የማውቀውን ጌታ የደብራችንን አጥር የማያልፍ ዓይነት አድርጌው ኖሬአለሁ። ይህን ያየሁት በዚያ ቅጽበት ነው። ወንዙ ሞልቶ ሰው መሻገር ባቃተው በዚያ ጠዋት እሱ ከልጄ ጋር ነበር፤ ሞት እሱ ራሱ ቀድሞ ገብቶ የወጣበት ነውና መንገዱን ያሳያታል። ይህ እንደ ስብከት ሳይሆን እንደ ዜና ሆኖ ነው የገባኝ።

ቢሆንም ወዲያው አልወሰንኩም። እጄ ሥራ ካልያዘ አእምሮዬ አይሠራም። የሚጠገን ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ የትምህርት ቤቱ በር ከቀርከሃ የተሠራ ነው፣ ተንጋዷል፣ አስካለ አባቴ ቢኖር ያስተካክለው ነበር ትል ነበር አሉኝ። አውልቄ ሥራ ጀመርኩ። ቀርከሃ ግን እንጨት አይደለም። እንደ ጥድ በካራ ልቀርጸው ስል ከአንጓ እስከ አንጓ እየተሰነጠቀ ሦስት አበላሸሁ። ባበክር ሲያይ ቆይቶ፣ "አቡ አስካለ፣ አንተ ያስገድዳል" አለኝ። "ቀርከሃ በሚሄድበት ነው የሚሄድ።" ከእጄ ወስዶ አንጓውን አልፎ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ እንዴት በውሃ ረጥቦ እንደሚታጠፍ፣ በልጡ እንዴት እንደሚታሰር አሳየኝ። ሰው አስተማረኝ ብዬ የምጽፈው ይህ የመጀመሪያው ነው። አራተኛውን አላበላሸሁም። በሩ ወደ ማታ ሲዘጋ ልጆቹ አሥር ጊዜ ከፍተው ዘጉት።

በዚያን ጊዜ ልቤ ቆርጦ ነበር። አስካለን ባነሣት ያቺ አሮጊት ብቻዋን ትቀራለች። የራሷን ሰዎች ትታ ለልጄ ብላ ከዳር የተኛችን እናት ጥዬ ብሄድ፣ በደብራችን ግቢ ምን ብዬ እቆማለሁ? ለባበክር፣ ልጄ እዚሁ ትሁን አልኩት። እጁን ልቡ ላይ አድርጎ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ቆየ።

እሑድ

የሳጥኑን ክዳን ለብቻው አድርጌ መስቀልና የአስካለን ስም ቀረጽኩበት። በሙስሊሞች መካነ መቃብር መስቀል ማቆም ያስቀይም እንደሆን ብዬ ባበክርን ጠየቅኩት። ከመሬቱ ዳር ያለው የልጅህ ቤት ነው፣ በሩ ላይ የፈለግከውን ጻፍ አለኝ። ጥድ ስለሆነ ምስጥ አይደፍረውም። ሳጥኑ ራሱ ለትምህርት ቤቱ ጠመኔና መዝገብ ማስቀመጫ ሆነ። በመቃብሩ ላይ የማውቀውን ጸሎት አደረስኩ፤ ጫልቱ ዘመረች፤ የመንደሩ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆመ። ልጄ በተቀበረች ዕለት እንደነበረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን እኔም መኖሬ ነው። አልቅሻለሁ፤ ያኛው የሦስት ዓመቱ ለቅሶ ግን አልነበረም። ማንጎ በጆንያ ሰጥተውኝ እስከ ወንዙ ሸኙኝ።

የተመለስኩ ዕለት

አምስት ቀን ተጉዤ ቤቴ ስደርስ እቴነሽ በሩ ላይ ቆማለች። የማንጎውን ጆንያ እንጂ ሳጥኑን እንዳልያዝኩ አየች። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የባበክርን፣ የጫልቱን፣ የአባታችን ሆይን፣ የአሮጊቷን። በመሐል አላቋረጠችኝም። 

"እና ሴትዮዋ ከባሏ ተለይታ ከልጄ ጎን ተኛች።"

"አዎ።"

"ስሟ ማነው? ማታ ስጸልይ ከአስካለ ጋር ላንሣት።"

አፌን ከፈትኩ። የኬላውን ፈታሽ ቆብ አስታውሳለሁ፤ የየቢሮውን ሰሌዳ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ቀርከሃ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። የባበክርን እናት ስም ግን አልጠየቅኩም ነበር።

"አልጠየቅክም?" አለች እቴነሽ። "ከልጄ ጋር አንድ ላይ የምትነሣውን ሴት ስም ሳትጠይቅ መጣህ?"

 እሷ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሦስት ዓመት ያልከፈተችውን ቁም ሣጥን ከፍታ ልብሶቿን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ማውጣት ጀመረች። ምን ልታደርጊ ነው አልኳት። ፊቷን ሳታዞር፣ አገሩ ሙቅ ነው ስላልክ ስስ ልብስ እየፈለግኩ ነው አለችኝ፤ ስሟን ሄጄ እኔው እጠይቃለሁ።